የወንድሜ ተረከዝ

ስሙኝማ፤ ጋፋት አጠገብ ሰፈራችን ሐኪሞች መጡና ገበሬውን ሁሉ "ውስጥ እግርህን አሳየን፤ እዚያ የሚወጣ ጥቁር ነጥብ ክፉ ነቀርሳ ይሆናል" ይሉ ጀመር። ማን ይመናቸው! "ለውትድርና እግር ሊመርጡ ነው" ተባለና ጎረምሳው ሁሉ ጠፋ። ተረከዙ ላይ ኑግ የምታህል ጥቁር ነጥብ የነበረችው ወንድሜ አያሌውም ጎተራ ውስጥ ገባ። እኔ ድምፄን አጎርንኜ ጎተራውን በዱላ እየመታሁ "ጓድ፣ እግር አውጣ!" እለዋለሁ። "ዝም በይ፣ አንቺ ከይሲ!" ይለኛል ከውስጥ።

መስከረም ላይ ነጥቧ ቆስላ ብሽሽቱ አበጠ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ አየውና ለአባባ በጆሯቸው "ዘገያችሁ፤ ነቀርሳው ሰውነቱን አዳርሶታል" አላቸው። አያሌው የጨነቀው ሌላ ነው።

"ዶክተር፣ ለዘመቻ እሆናለሁ?"

"አትሆንም።"

ፊቱ ፈካ፤ ትከሻዬን መታ አደረገና "ሰማሽ? ተረፍሁ!" አለኝ። እንደ ልማዴ ላላግጥበት ስል አባባን አየኋቸው፤ ወደ ግድግዳው ዞረዋል።