ናቲ ወለንጪቲ ላይ ሽማግሌ የላከ ዕለት

በእኛ ጊዜ ቴአትር ላይ አፍቃሪ ማለት ፀጉሩን ቅባት ይቀባል፣ ከግራ በኩል ይገባል፣ ይዘፍናል፣ ልጅቷ ፊቷን ታዞርበታለች፣ እንደገና ይዘፍናል፣ ትወደዋለች፣ አለቀ። ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊው ሰላም፣ አፌ ላይ አታስጠጊብኝ፣ እዚያም ሆኖ ይቀዳል። እና እኔ ወንጂ እያለሁ፣ ከስኳሩ ሥራ ስወጣ ለኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን እጫወት የነበረ ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን አፍቃሪ ስንቱን አጀብኩት መሰላችሁ። የአገዳው ሠራተኛ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ እና ይሄ ልጅ ምን አድርጎ ተወደደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ “ይደገም!” ይላል፣ እንደግማለን። ታዲያ የአሁኑ ተመልካች ይጠይቃል። ክፉ ነው አልልም፣ ጥሩ ነውም አልልም፣ ይጠይቃል ነው የምላችሁ።

ታዲያ ሐና የምትባል ልጅ አለች፣ እዚህ አዳማ የተማረች፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፈችና ወጣቶች ሰበሰበች። ወደ እኔ ቤት መጣችና “ጋሽ በቀለ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሥሩልኝ” አለችኝ። “ምኑን ሆኜ እሠራዋለሁ፣ ነኝ እኮ” አልኳት። ሳቀች፣ እኔም እሺ አልኩ፣ ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ጎረምሳ አለ፣ ባጃጁን በመስታወትና በአበባ ያሸበረቀ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍን፣ ልቡ የትም የማያርፍ። ፍራፍሬ የምትሸጥ ልጅ ያያል፣ ሳቋን ይወዳል፣ በቃ ሌላ ነገሯን አያውቅም፣ ሳቋን ብቻ። ሽማግሌ ይልካል፣ አባትየው መጀመሪያ ያንገራግራል፣ ኋላ ይፈቅዳል፣ ሁለቱ አብረው ዘፍነው ያልቃል። ልጁን የሚሠራው ናቲ ነው። በቴአትሩ ሌላ ስም አለው፣ እኔ ግን እንዳላምታታችሁ ናቲ ነው የምለው። እሱም በእውነቱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ በእውነቱም ፈታ ያለ ነው፣ ቁም ነገር ሲያወሩት እንኳ ይስቃል። ልጅቷን የምትሠራው ሌንሴ ናት፣ ድምፅ እግዜር የሰጣት።

እና ናቲ አንድ ዘፈን አለው፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤

*ሳቂልኝ እንጂ ምን ቸገረን፣*
*ነገን ለነገ፣ ዛሬ አለን።*

ይሄንን እየዘለለ ይዘፍነዋል፣ ሰው ያብዳል። ታዲያ መጀመሪያ እዚህ አዳማ ስናሳይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ ሲስቁ ሲያጨበጭቡ ቆዩና መጨረሻ ላይ፣ ሌንሴ እጁን ይዛ የሁለቱ ዘፈን ሲጀመር፣ ሰው ሳቀ። የደስታ ሳቅ መስሏችሁ? አይደለም። አንዲት ሴትዮ ከፊት ተቀምጣ “ወይ ልጅት! ይህንን ልታገቢ ነው?” አለች ጮክ ብላ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማናል። ከአንጀት የሚዘፈን ዘፈን ነበር፣ ቀልድ ሆኖ አለቀ።

ሐና ከፋት። እኔን “ጋሼ፣ ምኑ ነው የጎደለው?” ብትለኝ “ልጁ እንደገባ ነው የሚወጣው፣ አያድግም” አልኳት። ታዲያ ምን አደረገች፣ የለቅሶ ዘፈን ጨመረችለት። ናቲ ምሽት ላይ ብቻውን ቆሞ የሚያለቅስበት። ማልቀስ ማደግ መሰላት። ልምምድ ላይ ሲያለቅስ አየሁት፣ እንባው ይወርዳል፣ ከእንባው በታች ያው ናቲ ነው። ቀጥሎ ባጃጁ ተገልብጦ እግሩ ይሰበር አለች። እሱም አልሆነም፣ ሲያነክስ ይባስ አሳቀ። በመጨረሻ ተናደደችና ሁላችንም ፊት ተናገረች፤ “ቀጥለን ወለንጪቲ ስናሳይም ከሳቁበት ልጅቷ እምቢ ትለዋለች፣ የሁለቱ ዘፈንም ይወጣል።” ናቲ “ችግር የለም፣ ፈታ በይ” አላት። እንዲህ ነው እሱ።

ግን ቤቴ ሲያደርሰኝ ባጃጁን አቆመና ሞተሩን አጠፋው። የዚያን ቀን አልሳቀም። ከዚያ “ጋሼ፣ ሐና የሁለታችንን ዘፈን እንዳታወጣው ይንገሩልኝ። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ የምዘፍነው እሱን ብቻ ነው” አለኝ። እናቴን ልጠራት ነበር አለ፣ እናቱ ወንጂ ናት፣ ልጇ መድረክ ላይ ቀልደኛ እንደሆነ ብቻ ነው የሰማችው። አንጀቴን በላው። ግን እኔ የምነግረው ነገር አልነበረም፣ የሐና የራሷ ድርሰት ነው፣ ተመልካች ከሳቀ ሳቀ።

ታዲያ የወለንጪቲው እሑድ ደረሰ። ከእኔ ጋር ሽማግሌ የሚሠሩት ሁለቱ ሰዎች የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው፣ እና በዚያው ቀን የዕድራቸው ሰው ሞተ፣ ቀብር ሄደው ሳይመጡ ቀሩ። ምን ይባላል፣ ቀብር ነው። ሐና ራሷን ያዘች፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ልጅ አይለምንማ! እኔ አዳራሹ አጠገብ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች አይቼ ነበር፣ ዘበኛውን ብጠይቀው “እነሱማ ሰው የሚያስታርቁ ናቸው” አለኝ። ሄድኩ። አንዱ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፣ ረዥም፣ ሁሉንም ሰው አንተ የሚሉ። ሌላው ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ ነው፣ ብዙም አይናገሩም። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ከኋላዬ መከተል ነው፣ ራስ መነቅነቅ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም አልኩ። ኦቦ ገመቹ “የሚልከን ማነው?” አሉኝ። አንድ ልጅ ነው፣ መድረክ ላይ ያገኙታል አልኩ። “እሺ” አሉ። የገባቸው መሰለኝ።

ተጀመረ። ሕዝቡ ሞልቷል፣ ናቲ እየዘለለ ዘፈነ፣ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ የምንወጣበት ሰዓት ደረሰ፣ ወጣን። በድርሰቱ ናቲ ዙሪያችንን እየጨፈረ “አደራ አሳምራችሁ ንገሩልኝ” ይለናል፣ እኛ ራሳችንን ነቅንቀን ወደ ልጅቷ አባት ቤት እንገባለን፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ፊት ለፊት ጭፈራውን ይቀጥላል። ጨፈረ፣ አደራ አለን፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩና ተራመድኩ፣ ዞር ብል ኦቦ ገመቹ የሉም። ለካ ዱላቸውን ተክለው ቆመዋል።

“ና እስቲ” አሉት። “አቲ ኢልማ ኤኙቲ? የማን ልጅ ነህ?”

ናቲ ጨዋታ መሰለው፣ “የአዳማ ልጅ ነኛ አባባ፣ የሁሉ ልጅ” አለ። ሳቁለት። ኦቦ ገመቹ አልሳቁም።

“ብትታመም የት ትወስዳታለህ?”

“ማንን?”

“ልጅቷን ነዋ። ስትቆጣህስ ምን ታደርጋለህ? ዘፍነህ ትሄዳለህ?”

እኔ ተመልሼ ጆሯቸው ሥር “ኦቦ፣ ቴአትር ነው እኮ፣ ዝም ብለው ይከተሉኝ” አልኳቸው። እሳቸው ምኑን በሹክሹክታ ይመልሱታል፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ “ቴአትር መሆኑን አውቃለሁ። ልጅ እንለምን አልከኝ፣ እሺ አልኩ። ግን የለመነ ሰው ዋስ ነው። ነገ ቢጣሉ አባቷ የሚጠራው እኔን ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ያውቀኛል፣ ነገ ገበያ እወጣለሁ፣ ለማላውቀው ልጅ ዋስ አልሆንም” አሉ። አሁን ሳቁ ቀነሰ። ከኋላ አንድ ሰውዬ “እውነታቸውን ነው” አለ። እኔ በልቤ ቴአትሩ እዚህ አለቀ አልኩ፣ ወደ ቤቴ የምመለስበትን ሚኒባስ ማሰብ ጀምሬአለሁ።

ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ብልጥ ነው፣ ናቲን ላውጣው ብሎ ያንን የሳቂልኝ ዘፈን መግቢያውን ጀመረለት። ያን ጊዜ ናቲ ከገባ በቃ፣ ሰው ይስቃል፣ እኛም በሳቁ መሐል ሹልክ እንላለን። እና ናቲ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ሰማችሁ? ያ ልጅ፣ ዘፈኑን አስቆመ።

“አላውቅም” አለ። “ብትታመም ምን እንደማደርግ አላውቅም አባባ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ሁሉም ዝፈን ነው የሚለኝ። ግን እርስዎን ሰው ፊት አላሳፍርዎትም።”

ኦቦ ገመቹ አዩት። ከዚያ የመንገድ ድንጋይ ተብሎ የተቀባች ሣጥን ነበረች፣ በዱላቸው አሳዩትና “እዚህ ተቀመጥ። እስክንመለስ አትነሣ፣ አትዝፈን” አሉት። ተቀመጠ።

ገባን። ጨፋሪ ጓደኞቹ እየዘለሉ ወጡ፣ ተቀምጦ ሲያዩት ግራ ገባቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ። እኛ ከአባትየው ጋር የምንቀባበለው የልመና ዘፈን አለን፣ ሌላ ጊዜ በጭፈራው ምክንያት ማንም አይሰማንም፣ የዚያን ቀን ቃል በቃል ተሰማ። እና ሰዉ የሚያየው እኛን አይደለም፣ እሱን ነው። እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከትቶ መሬት መሬት ያያል። አባትየው በዘፈኑ “ይሄ ወፈፌ ልጄን ሊያኖራት?” ሲል አንገቱን ይደፋል። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ትወና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። አንዲት ሴትዮ ከመሐል “አይዞህ ልጄ” አለችው። ቀና አላለም። እንዲያውም አትዝፈን ስለተባለ መሰለኝ፣ ሲተነፍስ ራሱ ቀስ ብሎ ነው።

አባትየው በድርሰቱ እንዳለው ቀጠሮ ሰጠን፣ ወጣን። እዚህ ጋ ናቲ በቀጠሮው የሚቀልድበት ዘፈን ነበረው። ኦቦ ገመቹ “ቀጠሮ ሰጥተውናል” ሲሉት ያኔ ተነሣ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አለ፣ ሌላ ምንም አልዘፈነም። ሐና መጋረጃው ጀርባ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። መጨረሻው ደረሰ፣ ሌንሴ እጁን ያዘች፣ የሁለቱ ዘፈን ተጀመረ። ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ እልል አሉ። ናቲ ሲዘፍን እግሩ ከመሬት አልተነሣም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሄደው። እኔ እልልም አላልኩ፣ አላለቀስኩም፣ ቆሜ ስለነበር ጉልበቴን አሞኝ ነበር። ግን ጥሩ ነበር። ጥሩ ነበር፣ ምን ይዋሻል።

ሐና በማግሥቱ የለቅሶውን ዘፈን ሰረዘችው፣ የእግሩን ስብራትም፣ የጭፈራውንም፣ መቀመጡን ጻፈችው። ዘፈን ሲጨመርለት ሲጨመርለት ያላደገ ልጅ ዘፈን ሲቀነስለት አደገ። ዝዋይም፣ መተሐራም፣ ሻሸመኔም አሳየነው፣ እናቱም ወንጂ ላይ አየችው፣ የትም አልተሳቀበትም።

ታዲያ አላለቀም፣ ቆዩ። ኦቦ ገመቹ የዚያን ዕለት የናቲን ስልክ ቁጥር ተቀብለዋል ለካ! ይደውሉለታል። “ልጅቷ ደህና ናት?” ይሉታል። “ደህና ናት ኦቦ።” “አልተጣላችሁም?” “አልተጣላንም።” እኛ በሳቅ እንሞታለን፣ ምክንያቱም ሌንሴ በእውነቱ ሌላ እጮኛ አላት፣ ዝዋይ የሚሠራ ልጅ። እና ቴአትሩ አለቀ፣ ሌንሴም ጊዜዋ ደርሶ ተዳረች፣ ሰርጓ ላይ በላን ጠጣን። እኔ ናቲን “በቃ ሲደውሉ አታንሣ፣ ይረሱታል” አልኩት። የቀድሞው ናቲ ቢሆን ይሄን የሚነግረው ሰው እንኳ አያስፈልገውም ነበር። “አይሆንም ጋሼ፣ ሰው ፊት ለምነውልኛል” አለኝ።

እና እኔን ይዞ ወለንጪቲ ሄደ። ኦቦ ገመቹ እዚያችው ጥላ ሥር ናቸው። ናቲ ቆሞ “ኦቦ፣ ሌንሴ ሌላ ሰው አግብታለች፣ ቴአትሩም አልቋል፣ ከዋስነቱ ይውረዱልኝ ብዬ ነው የመጣሁት” አላቸው። እኔ አሁን ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ “በድለሃት ነው?” አሉት። “የለም ኦቦ።” “እሷስ በድላህ?” “የለም፣ ድሮም የኔ አልነበረችም።” ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ “ለዚህ ብለህ ከአዳማ መጣህ?” አሉ። “አዎ።” “እንግዲያው ወርጃለሁ” አሉ፣ እና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ሲቀመጥ “የእውነቷን ስታገኝ ንገረኝ። እሄድልሃለሁ” አሉት።

ይኸው ነው ጨዋታው። በእኛ ጊዜ አፍቃሪው ዘፍኖ ልጅቷን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም አይከተለውም። አሁን ግን ሰው ተከተለው።

“ታዲያ ጋሼ፣ ናቲ የእውነቷን አገኘ?” አለች ሰላም።

እንግዲህ የእኛ አገር ወግ ነው፣ ሽማግሌ ተልኮ መልስ ሳይመጣ የልጅቷ ስም አይነሣም።

“እንዴ! ልኳል ማለት ነው?”

እኔ አልኩ? (ሳቅ)