በአባቱ ስም የተቀመጠ ጽሑፍ

ወንድሜ ሙሐዲን፣ ዛሬ ጡረታ የሚወጡትን ጋሽ ሽበሺን መሸኘት የነበረብህ አንተ ነህ። አብረሃቸው የሠራኸው አንተ፣ ቀልድ የምታውቀው አንተ። እኔ አሥረኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም፤ በአንተ ቦታ የመጻሕፍት ካርድ መደርደር ከጀመርኩ ገና አንድ ክረምት ነው። ስሳሳት አትሳቅብኝ።

ጋሽ ሽበሺ፣ የመጀመሪያ የሥራ ቀንዎን የነገረኝ ሙሐዲን ነው። ፈረንጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ «ካርድ ላይ የአባት ስም ይቀድማል፤ አንተም ሚስተር ደበበ ነህ» ቢልዎት፣ «ደበበማ አባቴ ናቸው። ያሉት ሰቃ ገጠር ነው፤ ላስጠራቸው?» አሉት አሉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ደራሲ ሁሉ በራሱ ስም ነው የሚገባው። እዚህ ያለችው የሥራ ባልደረባችን ፋንቱ ትመስክር፤ አንዴ አገላብጣ ብትጽፍ፣ «ልጁ በለፋ አባትየውን ደራሲ አደረግሽው!» ብለው ካርዱን ቀደዱባት።

አራት ብቻ ነን፣ በሩም ተዘግቷል፤ ልናገር።

ሙሐዲን የሰቃን ጭሰኞች ጠይቆ የጻፈውን ጥናት ሊያሳትም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሰኮሩ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። የያዘው ጽሑፍም አብሮት ጠፋ። የቀረው እዚህ ያለው አንድ ቅጂ ነው። በሳምንቱ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ሊወስዱት መጡ።

«የሙሐዲን ቲጃኒ ጽሑፍ የታለ?»

እርስዎ መነጽርዎን እየጠረጉ፣ «ካርዶቹ እዚያ ናቸው፤ ፈልጉ» አሏቸው። የ«መ»ን መሳቢያ ገለባበጡት። አጡ። ሲወጡ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁዎት።

«ካርዱን ቀደዱት እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ካርድ የሌለው ጽሑፍ እንደሌለ ነው» አሉና የ«ተ»ን መሳቢያ ከፈቱልኝ። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ፣ ለወንድሜ ሲሉ፣ የአባት ስም አስቀደሙ።

አመሰግንዎታለሁ። እናቴም ሁልጊዜ ዱዓ ታደርግልዎታለች። ግን ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እፈራለሁ።

በሉ፣ ብርዙን አንሡ። ለጋሽ ሽበሺ ጤና! ቤትዎ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ አንብበው የሚጨርሱበት ዕድሜ ይስጥዎት፣ ኢንሻ አላህ።

ሙሐዲን፣ ሽኝቱ ትናንት አለፈ፤ ዛሬ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከፈትሁ። አንድ የማላውቀው ወጣት በኦሮምኛ «አካም» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶኝ ገባና፣ «ስለ ሰቃ ጭሰኞች የተጻፈ ነገር አለ ሲባል ሰማሁ» አለኝ። አንባቢ ይሁን ሰላይ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም። «የለም» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ግን ሄጄ የ«ተ»ን መሳቢያ ሳብሁ። ጽሑፉን አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ እስኪጨርስ፣ እስከ አምስት ሰዓት፣ እነዚያ ሰዎች እንዳይመጡ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ስጠብቅ ቆየሁ።