ባሕሩ እንዳይቆም

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ አንዲት ልጅ «አባባ፣ ከጓደኛዬ ጋር እንድቀመጥ ቦታ ይቀይሩኝ» ብትለኝ፣ ቀድሜ የተቀመጥኩ እኔ ነኝ ብዬ እምቢ አልኩ። እነሱም እኔን መሀል አድርገው ጌም ስለሚጫወቱበት ኮምፒውተር ያወሩ ጀመር። ራም የሚሉት ማስታወሻው ነው መሰለኝ።

«ስምንት ጊጋ ራም ይበቃናል» አለ ልጁ።

«ጌሙ ባሕሩ ጋ ስንደርስ ቀጥ ይላል» አለች ልጅቱ።

«ባሕሩን ትተን በመንደሩ በኩል እንሂዳ።»

«እኔ የምጫወተው ለባሕሩ ብዬ ነው። ሌላ የት አየዋለሁ?»

«አስራ ስድስት ደግሞ አቅማችን አይደለም።»

«ከተበላሸው ኮምፒውተሬ የነቀልኩት ስምንት አለኝ። ካንተው ጋር እናቀናጀው።»

«ራም ይቀናጃል እንዴ?»

«ይቀናጃል። አባቶቻችንስ አንድ አንድ በሬያቸውን በመቀናጆ አይደል የሚያርሱት?»

«እነሱ በየተራ ነው የሚያርሱት። ይኼ የት ሊያድር ነው?»

«እናንተ ቤት ይደር።»

«አንቺስ?»

«እየመጣሁ አያለሁ።»

«ሁልጊዜ ስትመጪ እናቴ ምን ትላለች?»

«ምን እንድትል ትፈልጋለህ?»

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጨርስ ልጁ በእኔ በኩል ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ማዕበሉ ድምፅ አለው?»

«ራሙ ከበቃው አለው።»

ሹፌሩ አንድ ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁና ሰውየው የለቀቀው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።