ፀሐይ ያላቃናው እግር

ከሰበታ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ አንዲት እናት እግሮቹ የጎበጡ ሕፃን ታቅፋለች፤ ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ሴትዮ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይሄን ልጅ ፀሐይ አላሞቅሽውም እንዴ?»

«አሙቄዋለሁ፣ አዴ።»

«ቅባት ቀብተሽ?»

«ቀብቼ። በየጠዋቱ።»

«ታዲያ እግሩ ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ከኩላሊቱ ነው አሉኝ።»

«ያ ዋቃዮ! ኩላሊት የትልቅ ሰው በሽታ አይደል እንዴ?»

«እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። ኩላሊቱ ውስጥ ደቃቅ ቱቦዎች አሉ አለችኝ ሐኪሟ። ለአጥንት የሚሆነውን ማዕድን ለሰውነቱ መመለስ ሲገባቸው ከሽንቱ ጋር ይለቁታል። አጥንቱ ከየት አምጥቶ ይጠንክር?»

«ይድናል ወይ?»

«መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ እግሩ ሊቃና ይችላል ብላኛለች። ግን ይመረዋል፣ ሁልጊዜ ትግል ነው። አሁንም ለክትትል እየሄድን ነው።»

«አይዞሽ። እንግዲህ ፀሐዩን ተይዋ፣ በከንቱ ምን ያደክምሻል?»

«አልተውኩትም።»

«ከኩላሊቱ ነው እያልሽኝ?»

«አዎ። ግን ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ እርስዎ የጠየቁኝን ይጠይቀኛል። መመለሱ ሰለቸኝ፣ አዴ። አሁን ፀሐይ የማሞቀው፣ ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው።»

ከተሳፈርን ጀምሮ የልጁን እግር ስመለከት የነበርኩት እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።