ተቀመጡ ያልኳቸው ተማሪዎች

ባለቤቴ አርባ ምንጭ እየኖረ እኔ ለምን ሥራዬን ለቅቄ እንደማልከተለው ለእሱም ነግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ ብቻ አትሳቁብኝ። የማስተምርበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሚሲዮናውያኑ መጀመሪያ የሠሩት አንድ የድንጋይ ክፍል አለው፤ አሁን ዕቃ ይቀመጥበታል። ገና አዲስ ሳለሁ፣ ትምህርት በተዘጋበት ክረምት፣ ካርታ ላመጣ ቀትር ላይ ብቻዬን ገባሁ። የበሩን ደፍ እንዳለፍኩ፣ ተማሪዎች ለመምህር ሲነሡ የሚሰማው የአግዳሚ ወንበር ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከአቧራና ከተቆለለ ዕቃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ዝምታው ግን የሚጠብቁ ልጆች ዝምታ ነበር። ጨንቆኝ “ተቀመጡ” አልኩ። ወንበሮቹ እንደገና ተንኳኩ።

ካርታውን ሳላነሣ ወጣሁና ለጥበቃው ለጋሽ ጫልቼ የሆነውን ነገርኳቸው።

“ተቀመጡ አልሻቸው?” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ተባረኪ! ካንቺ በፊት የነበረው መምህር ዝም ብሎ ሮጠ፤ ልጆቹ ቆመው ከረሙ።”

ለእሳቸውም ያልነገርኳቸው አለ። በሩን ስዘጋ ከውስጥ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ፣ “እትዬ፣ ነገም ይመጣሉ?” አለችኝ።

“እመጣለሁ” አልኳት።