የውሰት ሲስተር

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመዝገቡ የሠፈረ (በመሥሪያ ቤቷ «ዝምታ» እየተባለች የምትጠራ)
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው ቤት
ሥራ፦ አዋላጅ ነርስ (ከጤና ጽሕፈት ቤቱ በተላከው የሠራተኞች ዝርዝር መሠረት)
ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያ በወሊድ ምክንያት ስለደረሰ ሞት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት፣ ሞቱ ከደረሰ ከዘጠኝ ቀን በኋላ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ሥራዬን በሚመለከት፣ አዋላጅ ነርስ አይደለሁም። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌአለሁ። ይህን ለመርማሪው ስነግረው ከጽሕፈት ቤቱ የመጣውን ዝርዝር አሳይቶኝ፣ መዝገብ የሚሞላው በሰነድ እንጂ በአፍ አለመሆኑን ገልጾልኛል። ዝምታ የሚሉኝ ዝም ስለማልል ነው። ዝም ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን ቃሌም ስለዚያ ቀን ነው።

ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በአጥሩ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር ከለቀቀ ሁለት ዓመት፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ተዛውራ ከሄደች ደግሞ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗል። በምትካቸው ማንም አልመጣም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰው ይላክልን ብሎ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ ደብዳቤ መጻፉን አውቃለሁ፤ ሦስቱን በእጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ውሃ በላቸው። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ግን ክፍት መደብ የተገኘበት ኃላፊ ይገመገማል። ሰው ያልላከው አካል ሲገመገም አይቼ አላውቅም። በዚህ የተነሳ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና የጤና ጣቢያው ኃላፊ በቀዳዳው በኩል ሰው መዋዋስ ጀመሩ። ስሙንም ውሰት አሉት።

ሞቱ ከመድረሱ ስድስት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ተቆጣጣሪዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ነበር፤ ጤና ጣቢያውንም የሚቆጣጠሩት እነዚያው ናቸው። የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ በቀዳዳው ሾልኮ መጥቶ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ሆኖ ቆመ። የተማሪዎችን ስም ሲጠራ ቆይቶ ልማድ ሆኖበት «ቀጣይ ታካሚ» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ተቆጣጣሪው ከተማሪዎቹ ጋር ጥሩ መግባባት አለው ብሎ ሲጽፍ፣ እኔ መስኮቱን እየወለወልኩ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ክፍሉ በማግሥቱ እንደለመደው ያለ መምህር ዋለ።

ሰኞ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ገደማ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው በሙያው የመድኃኒት ባለሙያ እንጂ አዋላጅ አይደለም። በማግሥቱ ቁጥጥሩ በጤና ጣቢያው ስለሚሆን ውሰቱን የምትመልሺው አንቺ ነሽ አሉኝ። ሴት መምህራን እያሉ ለምን እኔ ብዬ ጠየቅሁ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ተቆጣጣሪዎቹ ረቡዕ ስላዩአቸው እንደሚያውቋቸው ነገረኝ። «አንቺን ግን ማን ልብ ይልሻል፣ እትዬ» አለኝ። አልተሳሳተም፤ በዚያ ቀን ከእግራቸው ሥር ወለል ስወለውል አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

የተስማማሁበት ምክንያት ልጄ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሆስፒታል በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ኃላፊው ይህን ቁጥጥር ካለፍን አዋላጅ ይመደብልናል፣ ልጅሽ ሳትወልድ ትደርስላታለች አለኝ። እኔም ማለፍ ሽልማት ያለው መሰለኝ። እሱም ከልቡ እንደዚያው መስሎት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። የሄደችው አዋላጅ ትታው የሄደችውን ነጭ ጋውን ቤቴ ወስጄ አጠብኩት፣ ተኮስኩትም። ልጄ አይታ «እማዬ፣ ሲያምርብሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ጋውኑን ለብሼ በቀዳዳው ገባሁ። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ተቆጣጣሪዎቹ እንዳይለዩት በዚያ ቀን ከሥራ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። በ4፡00 ሰዓት ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ስሜንና መደቤን ሲጠይቁኝ ስሜን ነግሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አዋላጅ ነኝ አልኩ። በወሩ ስንት እናት እንዳዋለድኩ ሲጠይቁኝም እንደተነገረኝ ስድስት አልኩ። አንደኛው ቅጹ ላይ የሰው ኃይል ከሚለው ፊት ተሟልቷል ብሎ ጻፈ።

በ5፡20 ሰዓት ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር አንድ አናጢ ምጥ የያዛትን ባለቤቱን በታክሲ ይዞ መጣ። እነዚህን ሰዎች ከዚያ በፊት አላውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁኝም። አናጢው ሚስቱን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ሞተሩም ሳይጠፋ፣ ብቻውን ገብቶ ሲስተር አላችሁ ወይ፣ ከሌለች ወደ ሆስፒታል ልቀጥል ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ቅጹን የሞላው ተቆጣጣሪ ነው፤ በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ ይቻትልህ፣ እዚህ ሁሉም ተሟልቷል አለው። አናጢው ወደ እኔ ዞሮ «ሲስተር፣ ላውርዳት?» አለኝ። ኃላፊውን አየሁት፤ እሱ ወለሉን ያያል። አይደለሁም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ልጄ ትዝ አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሰውየው ደስ ብሎት ወጥቶ ሚስቱን ደግፎ አስገባና ታክሲውን አሰናበተ።

በልቤ ያሰብኩት ተቆጣጣሪዎቹ እስኪወጡ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እውነቱን ተናግሬ መኪና ለማስጠራት። እነሱ ግን ለሪፖርት ፎቶ እንፈልጋለን ብለው ቆዩ። ሟች አልጋው ላይ ተኝታ፣ እኔ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አነሱን። ፎቶው በሪፖርቱ ውስጥ ይገኛል፤ መርማሪውም አሳይቶኛል። ሟች ምጥ ላይ ሆና እንኳ ለፎቶው ፀጉሯን አስተካክላ ነበር።

በ6፡10 ሰዓት ተቆጣጣሪዎቹ እንደወጡ ለኃላፊው መኪና ጥራ ብዬ ጮኽኩበት። አምቡላንሱ ጋራዥ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ኃላፊው ያልደወለበት ቦታ አልነበረም። እኔ ሦስት ወልጃለሁ፤ ስለ ወሊድ የማውቀው ያንኑ ብቻ ነው። በ7፡05 ሰዓት ሴት ልጅ ተወለደች፣ አለቀሰችም። ደሙ ግን አልቆመም። ኃላፊው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ ያገኘሁትን አንሶላ ሁሉ እየጠቀጠቅሁ እጫናለሁ። መመሪያው ላይ የተጻፈው ደም ማቆሚያ መርፌ ካለቀ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ጠዋት ለተቆጣጣሪዎቹ ተቆጥሮ የታየው ባዶ ካርቶኑ ነው። አናጢው በር ላይ ሆኖ ሲስተር በርቺ ይለኝ ነበር።

በ8፡15 ሰዓት አንድ የእህል ጭነት መኪና ተገኘና ጫንናት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዣት ነበር። ሲስተር ልጄስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሴት ናት፣ ደህና ናት አልኳት። በ8፡40 ሰዓት ገደማ፣ ሆስፒታል ሳንደርስ፣ አረፈች። ሕፃኗ በሕይወት አለች፤ የአናጢው እህት ዘንድ ነች።

አርብ ዕለት ለቅሶ ሄድኩ። አናጢው ከተቀመጠበት ተነስቶ እጄን ያዘና ለለቀስተኛው ሁሉ እስከመጨረሻው ያልተለየቻት ሲስተር ይህች ናት፣ እግዜር ይስጣት ብሎ አስተዋወቀኝ። ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። ወደ ጓሮ ወስጄው ሲስተር አይደለሁም፣ የትምህርት ቤት ጠራጊ ነኝ አልኩት። «ታዲያ ሲስተሯ የት ነበረች?» አለኝ። የለችም፣ ከሄደች ቆይታለች አልኩት። አልሰደበኝም። ታክሲው እኮ በር ላይ ነበር አለኝ፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከእሱ ጋር ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። በሩ ላይ የተጠያቂነት ሳምንት የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ኃላፊዎቹ ለዚሁ ሳምንት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አይታ፣ ጤና ጣቢያው ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ የተሟላ ስለሆነ አሥራ አንዱም ጥያቄዎች መዘጋታቸውን ነገረችን። ክፍት መደብ ስለሌለ አዋላጅ አይመደብም። አዋላጅዋ ጥፋት ካለባት ግን በፖሊስ ትጠየቅ አለች። አዋላጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ አዋላጅም አይደለሁም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ አለችኝ።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ዕለት ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዬ መቅረቴን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ስለ ውሰቱ ሳነሳበት የምን ውሰት ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የአጥሩ ቀዳዳ በአዲስ ቆርቆሮ ተመትቷል። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሳይንስ አሁንም የላቸውም፤ በቅጹ ላይ ግን ተሟልቷል።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፦ ጥፋቴን አልክድም። አንድ ቃል፣ አይደለሁም፣ ብል ኖሮ ያች ሴት ዛሬ ልጇን ታጠባ ነበር። ትቀጣ ከተባለም እቀጣለሁ። ነገር ግን እኔ ከታሰርኩ በኋላ ጤና ጣቢያው አዋላጅ ይላክለት እንደሆነ መርማሪውን ጠይቄው፣ ይህ የእሱ ሥራ አለመሆኑን ነግሮኛል። ልጄ በሚመጣው ሳምንት ስምንተኛ ወሯን ትይዛለች። በመዝገቡ መሠረት የምታዋልዳት ሲስተር እኔ ነኝ። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ስለማይገናኝ አይጻፍ ብሎኝ ነበር፤ ለምኜው ጽፎልኛል።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ሥራ ከሚለው ፊት ከተጻፉት ሁለት ቃላት በስተቀር ሁሉም የተናገርኩትና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ግልባጭ፦ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል፤ ከአዋላጅ ነርሷ የግል ማኅደር ጋር እንዲያያዝ