የታችኛው አልጋ

በኮሮናው ጊዜ ላስ ቬጋስ እንደገባሁ ያረፍኩት ሆስቴል ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋ በሞላበት ክፍል ነበር፤ የእኔ ታችኛው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ከኤፔክስ መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ ከነሥራ ልብሴ ጋደም ስል፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ። እዚሁ አጠገብ ሄንደርሰን ከተማ ያለችው ልጃቸው የኮቪድ ምርመራቸው ውጤት እስኪመጣ እዚህ ቡክ አድርጋላቸዋለች። የደረሳቸው ግን ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ነው። ብድግ ብዬ አንሶላዬን ገፈፍኩና «እርስዎ ታች ይተኙ» አልኳቸው።

«በፍጹም! አንተ ቆመህ ውለህ?»

«ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ጋሼ።»

«ጉልበቴን ማን ነገረህ? እንደ ፍየል ነው የምወጣው!»

እንዲህ ስንገፋፋ አንድ ጀርመናዊ ትልቅ ቦርሳ አዝሎ ገባ። የእሱ አልጋ ከፊት ለፊታችን ያለው ላይኛው ነው። የእኔ ባዶ መሆኑን ሲያይ «ቴንክ ዩ» ብሎን ዘፍ አለበትና ማንኮራፋት ጀመረ። ልቀሰቅሰው ስል ጋሽ ወርቁ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ነውር ነው! እንግዳ ነው እኮ!» አሉኝ፣ አሜሪካ ከገቡ ገና ግማሽ ቀን ያልሞላቸው ሰውዬ።

ከኋላ እየደገፍኩ መሰላሉን አስወጣኋቸውና እኔም የጀርመኑ አልጋ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ወርቁ ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩትና «ምስኪን፣ ደክሞት ነው» አሉኝ።